ከፋሲካ መልስ ወደ ዋርድ

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ እረፍት ስመለስ የፈራሁት የረሳሁትን ትምህርት ነበር። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ያለውን 130 ኪሎ ሜትር መንገድ መጽሐፍ ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ የልብ ድካምን የሚያባብሱ ምክንያቶችን በቃሌ እየደጋገምሁ ነው የመጣሁት። አውቶቡሱ ላምበረት መናኸሪያ ሲገባ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታችም ከታች ወደ ላይም እችለው ነበር። በማግስቱ ግን ያ ሁሉ ጥናት ከአንዲት እናት አልጋ አጠገብ ቆሜ ዝም ከማለት አላዳነኝም። በዚህ ሰሞን ከቤተሰብ ተለይታችሁ ወደ ሆስፒታል የምትመለሱ የሕክምና ተማሪዎች ስላላችሁ፣ አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ የተመኘሁትን ልጻፍላችሁ። ስለ ሕሙማኑ የምነግራችሁን ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ።

ያን ጊዜ የውስጥ ደዌ ልምምዳችን አጋማሽ ላይ ነበርን። 10 ቀን እረፍት ተሰጥቶን ከሰሙነ ሕማማት ጀምሮ ቤት ነበርሁ። ስግደቱ፣ የቅዳሜ ሌሊቱ ቅዳሴ፣ ከ55 ቀን ጾም በኋላ ያለው ዶሮ ወጥ፣ የጎረቤቱ መጠራራት፤ ይህን ሁሉ በደስታ አሳልፌያለሁ፤ ማንም እንዲቆጨው አልመክርም። በእረፍት ሳምንት መጽሐፍ ተሸክሞ ሄዶ ሳይከፍቱት መመለስና በዚያ መጸጸት ለተማሪ ከሁሉ የከፋ ድካም ነው። አርፋችሁ ከሆነ አረፋችሁ፤ ተገቢ ነው።

ሰኞ ማታ መናኸሪያ ወርጄ በመገናኛ በኩል አራት ኪሎ፣ ከዚያ ወደ ፒያሳ በታክሲ መጣሁ። የመንገዱ ዳር ገና በዓል በዓል ይሸታል፤ የበግ ቆዳ እንደተከመረ ነው፤ የቡና ቤቶቹ ወለል ላይ የጠወለገ ቄጠማ አለ። በአንድ እጄ ልብሴን፣ በሌላው እናቴ በጨርቅ የጠቀለለችልኝን ድፎ ዳቦ ይዣለሁ። "ብቻሽን እንዳትበዪው" ብላኛለች። እናቶቻችን ይህን የሚሉት ለወግ ቢመስለንም፣ የዚያች ዳቦ ነገር በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ ላድርገው ብዬ ካደረግሁት ሁሉ የምኮራበት አንድ ነገር ነው፤ እቃዬን የተማሪዎች መኖሪያ አስቀምጬ በዚያው ምሽት ወደ ዋርዱ፣ ሕሙማን ተኝተው ወደሚታከሙበት ክፍል፣ ሄድሁ። ጋውን አልለበስሁም፤ ሥራም አልነበረኝም። መግባት ብቻ ፈለግሁ። የዋርድ ሽታ፣ የኦክስጅኑ ፉጨት፣ አስታማሚዎች መሬት ላይ አንጥፈው ሲጋደሙ፤ ይህ ሁሉ ከቤት ሙቀት ለመጣ ሰው ጠዋት በጥድፊያ መካከል ድንገት ሲመጣበት ያስደነግጣል። ማታ፣ ማንም ምንም በማይጠይቃችሁ ሰዓት ብትቀበሉት ይሻላል። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

እውነቱን ለመናገር ግን የሄድሁት አንድ ሰው ለማየት ነበር። አልጋ ቁጥር 14 ላይ ከእረፍቱ በፊት 3 ሳምንት የተከታተልኋቸው አባት ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ደም ግፊታቸውን የምለካው እኔ ነበርሁ፤ የልጆቻቸውን ስም በሙሉ አውቃለሁ። ስሄድ ሻል ብሏቸው ስለነበር እጃቸውን ይዤ "ፋሲካን ቤትዎ ነው የሚያከብሩት" ብያቸው ነበር። አልጋው ላይ አንዲት ሴት ሁለት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ወደ ቤታቸው ሄደዋል ብዬ ደስ አለኝ። ተረኛዋን ሲስተር ስጠይቃት ከምትጽፈው ካርድ ቀና ብላ አየችኝና፣ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ "የስቅለት ዕለት ሌሊት አረፉ፣ እኅቴ" አለችኝ።

ይህን ማንም አያስተምርም። ስንሄድ ሕሙማኑ ባሉበት ቆመው የሚጠብቁን ይመስለናል፤ ዋርዱ ግን ያለ እኛም ቀንና ሌሊት ይሠራል፤ ሰው ይገባል፤ ሰው ይድናል፤ ሰው ይሞታል። ከእረፍት ስትመለሱ የምታውቁት አልጋ ላይ ሌላ ሰው ካገኛችሁ ጠይቁ። ባለመጠየቅ የምታልፉት ነገር ለቀናት ይከተላችኋል። የሞቱ ከሆነም ለአንድ ሰው ተናገሩ፤ "ይህን ሰው አውቀው ነበር" ማለት ብቻ ያቀልላል። ሲስተሯ ሻይ ቀድታልኝ አብራኝ ተቀመጠች፤ ልጆቻቸው በሰዓቱ አጠገባቸው እንደነበሩም ነገረችኝ። ያን ሻይ አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ለታማሚ "ለበዓል ቤትዎ ይደርሳሉ" ብዬ አላውቅም። "ለበዓሉ ቤትዎ እንዲሆኑ የምንችለውን እናደርጋለን" እላለሁ። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም፤ የማላውቀውን ቀን ሰው እንዲጠብቅ አላደርግም።

ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ዋርድ ነበርሁ። የተመደበችልኝ ያቺው አልጋ 14፣ ያቺው ሁለት ትራስ የተደገፉት እናት ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ 45 ይጠጋል። በልጅነታቸው በጉሮሮ ሕመም ሰበብ የመጣ የሩማቲክ የልብ በሽታ ማይትራል የሚባለውን የልብ በር አጥብቦባቸዋል፤ የልብ ምታቸውም የተዛባ ነው። በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋሉ፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪንና የሽንት መድኃኒት ይወስዳሉ። እሑድ ሌሊት ተጋድመው መተንፈስ አቅቷቸው፣ ሰኞ አመሻሽ ላይ ነው የመጡት።

እንግዲህ እጄ ምን ያህል እንደዛገ ያወቅሁት እዚህ ላይ ነው። የእጃቸውን የደም ሥር ይዤ ለ15 ሴኮንድ ቆጥሬ በ4 አባዛሁና 84 ብዬ ጻፍሁ። ከጎኔ የነበረው ኢንተርን፣ የመጨረሻ ዓመት ተለማማጁ ሐኪም፣ ምንም ሳይለኝ ማዳመጫውን ልባቸው ላይ አድርጎ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረ፤ 118። የልብ ምት ሲዛባ አንዳንዱ ምት ደካማ ስለሚሆን እጅ ድረስ አይደርስም፤ ስለዚህ ልብ ላይ፣ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ግድ ነው። ይህን አውቀው ነበር። ከእረፍት በፊት በየቀኑ አደርገው ነበር። ከእውቀት ቀድሞ የሚሄደው የእጅ ልማድ መሆኑን ልብ በሉ፤ መድኃኒቱም ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ምንም ነገር በአቋራጭ አትሥሩ። ትንፋሽን ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ደም ግፊት በሁለቱም እጅ ለኩ። የአንገት ደም ሥር ስታዩ የአልጋውን ራስ 45 ዲግሪ ላይ ማድረጋችሁን አረጋግጡ። እግር ላይ እብጠት ስትፈልጉ በአውራ ጣት ጥቂት ሴኮንድ ተጭናችሁ ቆዩ፤ ነካ አድርጎ ማንሳት ምንም አይነግራችሁም። የዚህ ሁሉ ዋጋ 15 ደቂቃ ቀድሞ መግባት ነው።

ራውንድ፣ ሐኪሞች አልጋ ለአልጋ እየዞሩ ሕሙማንን የሚያዩበት፣ ተጀመረና ታሪካቸውን አቀረብሁ። ሐኪሟ ዝግ ያሉ፣ ተማሪ ሲናገር የማያቋርጡ ሰው ናቸው። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ "እሺ፤ ለምን አሁን? ከአንድ ወር በፊት ደህና ነበሩ፤ ካርዱ ላይ ተጽፏል። ለምን በዚህ ሳምንት?"

አውቶቡስ ላይ የሸመደድሁት መጣልኝ። መድኃኒት ማቋረጥ፣ ጨው ማብዛት፣ ኢንፌክሽን፣ የደም ማነስ፣ የልብ ምት መዛባት፣ እርግዝና፣ የታይሮይድ ዕጢ ሕመም። አንድም ሳይቀር ደረደርሁት። ሐኪሟ ራሳቸውን ነቀነቁ። "መልካም። ከእነዚህ የትኛው ነው የእርሳቸው?" ዝም አልሁ። "መድኃኒታቸውን አስተካክለው እንደሚወስዱ ነግረውኛል" አልሁ ቀስ ብዬ። አልዋሸሁም። "መድኃኒትዎን በትክክል ይወስዳሉ?" ብዬ ጠይቄያቸው "አዎ ልጄ" ብለውኛል፤ ጽፌዋለሁም።

ሐኪሟ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። "እናቴ፣ ፋሲካን የት ዋሉ?" አሏቸው። ሌላ ምንም አላሉም። እናትየው ፊታቸው ፈካ። እኅታቸው አገር ቤት እንዳሉ፣ የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ እንደሆነ፣ ከ4 ዓመት በኋላ መገናኘታቸው እንደሆነ ነገሩን። "መንገዱ እንዴት ነበር?" ሲሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እኔን እያዩ፣ "ልጄ አፍሬ ነው ያልነገርሁሽ" አሉኝ። የሽንት መድኃኒቱን ከመንገዱ ዋዜማ ጀምሮ ትተውታል። "ያቺን ክኒን ውጬ እንዴት አውቶቡስ ላይ እቀመጣለሁ? ስንት ጊዜ ያቆሙልኛል? ሴት ልጅ ሜዳ ላይ የት ትወርዳለች?" እኅታቸው ቤትም መጸዳጃው ከቤቱ ራቅ ያለ፣ ሌሊት ጨለማ በመሆኑ እዚያም አልዋጡትም። በመልሱም እንደዚያው። ስድስት ቀን ማለት ነው። በዚያ ላይ የበዓሉ ወጥ ጨው አለው።

ያ ሁሉ የሸመደድሁት ዝርዝር ውስጥ አውቶቡሱ የለም። ሜዳው የለም። ጨለማው የለም። "መድኃኒት ማቋረጥ" የሚል አንድ መስመር ግን አለ፤ እኔ መስመሩን አውቄ ሰውየዋን አልጠየቅሁም። እውነተኛውን ምክንያት ከነገርኋችሁ፣ ያን ጠዋት ያንን አልጋ ስመለከት ከፊቴ የነበሩት እኚህ እናት አልነበሩም። የስቅለት ሌሊት ያረፉትን አባት ነበር የማየው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ጥያቄ ያነባል እንጂ አይጠይቅም። ለዚህ ነው ከላይ ስለ ሞት ያን ያህል የጻፍሁላችሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከየትኛውም ትልቅ በዓል በኋላ የሕመም ታሪክ ስወስድ በዓሉን ለብቻው እጠይቃለሁ። "መድኃኒትዎን በትክክል ይወስዳሉ?" የሚለውን ጥያቄ ትቼዋለሁ፤ ለእርሱ ያለው መልስ አንድ ብቻ ነውና። "በዓሉን የት ዋሉ? መድኃኒቱስ መንገድ ላይ እንዴት ሆነልዎት?" ስትሉ ግን ሰው ታሪክ ይነግራችኋል። ስለ ጾሙም ጠይቁ። "በጾሙ ክኒኑን በስንት ሰዓት ነበር የሚወስዱት?" ብትሉ፣ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ የሚውሉ፣ የጠዋቱን ክኒን ከማታው ጋር አንድ ላይ የሚውጡ ብዙ ሰዎች ታገኛላችሁ። ኢንሱሊን ወግተው ሳይበሉ የዋሉ፣ ወይም "ካልበላሁ ምን ያደርግልኛል" ብለው መርፌውን የተዉ የስኳር ታማሚዎች አሉ፤ የፊተኛው ስኳሩን አውርዶ ራስን ያስታል፤ የኋለኛው ደም ውስጥ አሲድ አጠራቅሞ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ያደርሳል። በረመዳንም ጥያቄው ያው ነው፤ በአፍጥርና በሱሑር መካከል መድኃኒቱ እንዴት እንደተከፈለ ካልጠየቃችሁ አታውቁትም። ጠበል የሄዱ ካሉ ፊታችሁን ሳትለውጡ ጠይቁ፤ እዚያ እያሉ መድኃኒቱ ተወስዶ እንደሆነ የሚነግሯችሁ እምነታቸውን ካከበራችሁላቸው ብቻ ነው።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ስለ ጎመን ጠይቁ። የምጽፈው በቁም ነገር ነው። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው፤ ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ይቃወማል። ለ55 ቀን ጎመን ሲያዘወትር የቆየ ሰው የመድኃኒቱ መጠን በዚያ ላይ ተስተካክሎ ከሆነ፣ ፋሲካ ደርሶ ጎመኑ ቀርቶ ሥጋው ሲተካ ደሙ ከሚፈለገው በላይ ሊቀጥን ይችላል። የእኚህ እናት አይ ኤን አር፣ የደሙን መቅጠን የሚለካው ቁጥር፣ ከ2 እስከ 3 መሆን ሲገባው ያን ቀን ከ4 አልፎ ነበር። ጎመን ክልክል አይደለም፤ የሚፈለገው መጠኑ ሳምንት ከሳምንት ብዙ እንዳይለዋወጥ ነው። ይህን ለታማሚ በአማርኛ፣ በእርሱው ማዕድ ቋንቋ ማስረዳት የምንችለው እኛ ተማሪዎች ነን፤ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ያለን እኛ ነንና።

ስለ ጥናት ብዙ አልልም። ማታ ማታ ምዕራፍ ለመጨረስ መታገሌን ትቼ ከቀኑ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ መሄድ ጀመርሁ፤ የዚያን ማክሰኞ ጥያቄ "የሽንት መድኃኒት ከተዋጠ በኋላ ስንት ሰዓት ይሠራል?" የሚል ነበር። መልሱ ወደ 6 ሰዓት ገደማ ነው። አንድ መስመር ናት። ከ10 ገጽ የበለጠ ጠቅማኛለች፤ እንዴት እንደሆነ ወዲያው እነግራችኋለሁ።

ሐሙስ የመጀመሪያው የሌሊት ተራዬ ነበር። ከበዓል መልስ የመጀመሪያው ተራ ከባድ ነው፤ ሰውነት በቤት ሰዓት መተኛት ለምዷል፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሆድ ይባባል፤ እናት ትናፍቃለች። የእናቴን ድፎ ዳቦ ያወጣሁት ያኔ ነው። ለሲስተሮቹ፣ ለኢንተርኑ፣ ለጥበቃው፣ መሬት ላይ ለተኙት አስታማሚዎች እየቆረስን አዳረስነው። ከዚያ በኋላ ሌሊቱ የሌላ ሰው ቤት መሆኑ ቀረ። አስታማሚዎቹ የሚያውቁትን ነገር ሁሉ ይነግሩኝ ጀመር፤ ማን ሌሊት እንደሚያቃዠው፣ ማን ምግቡን ለጎረቤት አልጋ እንደሚሰጥ። ከቤት ስትመጡ ለዋርዱ የሚሆን ነገር ያዙ፤ ቆሎም ይሁን ዳቦ፣ ትንሽም ቢሆን። ለራሳችሁም በኪሳችሁ አንዳች የሚቀመስ ይኑር፤ በባዶ ሆድ የተጻፈ ካርድ ጠዋት ሲነበብ ያስታውቃል። ተራውን ስትጨርሱ ደግሞ በእግር ውጡ። አርብ ጠዋት ፒያሳ ጊዮርጊስ ድረስ በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተጓዝሁ፤ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ በዓለ ሃምሳ በመሆኑ አርብም ቢሆን ጾም የለም፤ ማኪያቶ ጠጥቼ ገብቼ ተኛሁ። ከተራ በኋላ ለማጥናት አትቀመጡ። ተኙ።

እናትየው ቅዳሜ፣ የዳግማ ትንሣኤ ዋዜማ፣ ትንፋሻቸው ረግቶ፣ ዋርፋሪናቸው ተስተካክሎ ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት ማዳመጫውን በሚገባ ልያዝ ብዬ ፈቃዳቸውን ጠየቅሁ፤ በግራ ጎናቸው ተኝተው ትንፋሻቸውን አስወጥተው ሲይዙ፣ ማክሰኞ ያልሰማሁትን ያን ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ሰማሁት። "አገኘሽው?" አሉኝ። "አገኘሁት" አልሁ።

ያቺ አንድ መስመር መልስ የጠቀመችኝ እዚህ ነው። ሐኪሟን አማክሬ ከእናትየው ጋር የመንገዱን ቀን አሰላን፤ በጉዞ ዕለት የሽንት ክኒኑን ጠዋት ሳይሆን ደርሰው፣ ገና ሳይመሽ እንዲውጡት፣ በሌሎቹ ቀናት ጠዋት እንደተለመደው፣ ዋርፋሪኑ ግን ምንም ቢሆን እንዳይቀር። ሐኪሟ ካርዱ ላይ ጻፉት፤ እኔ ደግሞ በትልልቅ ፊደል በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱና "ለጥምቀት እኅቴ ወደ እኔ ትመጣለች እንጂ እኔ አልሄድም ብዬ ነበር፤ አሁንማ እሄዳለሁ" አሉኝ።